የኩሬ ውሃ ጠባዩ እንዴት ይታወቃል?

ክረምት በአዊ ምድር እጀ ሰፊ ነው። በዳንግላ አካባቢ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናም ይጥላል፤ ወደ እንጅባራ ከፍ ሲባልም መጠኑ ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን የዚህ ውሃ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ተጠቃልሎ የሚወርድ ስለ ሆነ፥ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ጊዜ ሜዳው መድረቅ፥ ምንጩም መቅጠን ጀምሯል። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ብዙ ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፥ የቤት እመቤቲቱም ጎመኗንና ሽንኩርቷን የምታጠጣው በክረምት ካቈሩት ውሃ ነው።

ኩሬ መቈፈር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅ በኋላ በየገበሬው ቤት ውሃ እንዲታቈር በመንግሥት ታስቦ፥ በአማራም ሆነ በሌሎች ክልሎች እጅግ ብዙ ኩሬ ተቈፈረ፤ ለአንዳንዱም ወለሉን የሚሸፍን ፕላስቲክ ተሰጠ። ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ውሃው ወደ መሬት እየሰረገ ባዶ ቀርተው ተትተዋል። የቀሩት እያገለገሉ ነው፤ በየጊዜው ገበሬው በራሱ ጉልበት የሚቈፍራቸውም አሉ። እንደምናየው ከሆነ ስለ ኩሬ ሲነገር ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚይዝ አብዝቶ ይነገራል፤ የያዘው ውሃ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

«የኔታ፥ ይህ ውሃ ደኅና ነውን?» ብለው የሚጠይቁን የተማሪዎቻችን ወላጆች አሉ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ደኅንነቱ ለማን ነው? አንዱ ውሃ ለበሬ መልካም ሆኖ ለሕፃን በሽታ ይሆናል፤ ለድንች የሚስማማው ለዓሣ ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ወደ ኩሬው ከመውረዱ አስቀድሞ ውሃው የሚፈለግበትን ጉዳይ መለየት ይገባዋል። ይህን ሳይለዩ ውሃ ማስመርመር፥ የማን ልብስ እንደ ሆነ ሳይናገሩ ለሰፊ ጨርቅ እንደ መስጠት ነው።

አንዳንዱን ሥጋት ገና ከመጀመሪያው ልናነሣው እንችላለን። በስምጥ ሸለቆ አገሮች ሕዝቡን የሚያስጨንቁት የውሃ ጨዋማነትና ጥርስን የሚያበላሸው ፍሎራይድ ናቸው። የአዊ ደጋ ግን በብዙ ዝናም የታጠበ ምድር ስለ ሆነና የኩሬውም ውሃ በቅርብ የዘነመ ስለ ሆነ፥ በእነዚህ ሁለቱ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የእኛ አገር ኩሬ ችግሩ ጭቃ፥ ፍግ፥ ትንኝና ቀንድ አውጣ ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ዐይንና አፍንጫ አሉ። አፍ ግን ለዚህ ሥራ አይፈቀድም፤ ውሃን ቀምሶ «ጣፋጭ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ደኅንነቱ አልመሰከረም። ውሃውን በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ከነጭ ነጠላ ፊት ለፊት ይዞ ማየት መልካም ነው። ቀይ ሆኖ የደፈረሰ እንደ ሆነ ከማሳ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። እንደ ሻይ ጠቈር ብሎ ግን ጥሩ ሆኖ ቢታይ፥ በዳር ያለው የባሕር ዛፍ ወይም በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ቅጠሉን አራግፎበታል። እንደ ተበላሸ እንቍላል ቢሸት ደግሞ በወለሉ የተከማቸው ዝቃጭና ፍግ አየር አጥቶ እየበሰበሰ መሆኑን ያስረዳል። እንዲህ ያለውን ኩሬ በበጋ ማብቂያ ጠርጎ ዝቃጩን ወደ ማሳ ማውጣት ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ድፍርስነትን ለመለካት ማንም ቤት ሊያደርገው የሚችል ዘዴ አለ። ጥሩ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውሃው ሞልቶ፥ በጋዜጣ ርእስ ትልልቅ ፊደሎች ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆምና በአፉ በኩል ቍልቍል መመልከት ነው። ፊደሉ ከተነበበ ውሃው ጠርቷል፤ ካልተነበበ ግን ገና መዝቀጥና መጣራት ያስፈልገዋል። ይህ ፈተና የተለመደው በፀሓይ ውሃን ለማከም ነው። ጠርሙሱን ሞልቶ ከድኖ በቀጥታ ፀሓይ ላይ ስድስት ሰዓት፥ ሰማዩ ደመና የሸፈነው እንደ ሆነ ሁለት ቀን ማጋደም ብዙውን ተውሳክ ይገድላል፤ ጨረሩ ግን በጭቃ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ፊደሉን ማንበብ ያልቻለ ዐይን፥ ፀሓይም በዚያ ውሃ ውስጥ ሥራዋን እንደማትሠራ ይወቅ።

ከዚህ የሚበልጠው መለኪያ ከአንድ ካህን የተገኘ ነው። አንጄሎ ሴኪ የሚባሉት የሮማ ካቶሊክ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሮማው ጳጳስ መርከብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሆነው፥ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ ወደ ባሕሩ እያወረዱ ከዐይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለኩ። ዛሬም በዓለም ሁሉ የሐይቅና የኩሬ ተመራማሪዎች ይህንኑ ያደርጋሉ። የገበሬው ሰሌዳ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ቆርቆሮ ሊቈረጥ ይችላል፤ በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ነጭ፥ ሁለቱ ጥቍር ይቀባል፤ ከሥሩ ድንጋይ ይታሰርለታል፤ ገመዱም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይቋጠራል። ፀሓይ ከፍ ስትል ከጀርባ አድርጎ ማውረድና የጠፋበትን ቋጠሮ መቍጠር ነው። ዓሣ ለሚያረባ ሰው ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሰሌዳው ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢጠፋ ጥሩ ነው፤ የዓሣው ምግብ የሆነው ረቂቅ ተክል በመጠኑ በቅሏል ማለት ነውና። ከ20 በታች ከጠፋ ያ ረቂቅ ተክል ከልክ በላይ ሆኗል፤ ሌሊት አየሩን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ገና ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ሲያዛጉ የታዩ እንደ ሆነ ይህ ደርሷል። ለዚህ ነው የኩሬ አየር የሚመረመረው በቀትር ሳይሆን ማለዳ የሚሆነው።

አረንጓዴ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በዚህ ላይ ጥቂት ብንቈይ አይከፋም፤ ከብት የሚጠፋበት ጉዳይ ነውና። ጆርጅ ፍራንሲስ የሚባለው ሰው በአውስትራልያ ከአንድ ሐይቅ የጠጡ ከብቶች በሰዓታት ውስጥ እየወደቁ መሞታቸውን እ.ኤ.አ. በ1878 ጽፎ አሳወቀ። ምክንያቱም በውሃው ፊት እንደ ቀለም የተንሳፈፈው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ዐይነት ነበረ። ይህ ነገር የሚበረታው ፍግና ማዳበሪያ ታጥቦ በገባበት፥ ሙቀትም በጸናበት፥ ውሃውም በማይንቀሳቀስበት ኩሬ ነው። ለመለየት በመጀመሪያ በረጅም እንጨት ሽፋኑን ማንሣት ነው። እንደ ፀጉር እየተጐተተ ከእንጨቱ ቢንጠለጠል ሌላው፥ ጕዳት የሌለው ዐይነት ነው፤ እንጨቱ በቀለም እንደ ተነከረ ሆኖ ቢወጣ ግን ያጠራጥራል። ከዚያ በጓንት ወይም በፕላስቲክ እጅን ሸፍኖ ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልቶ፥ ሳይነቃነቅ በቀዝቃዛ ስፍራ ማሳደር ነው። ሲነጋ አረንጓዴው ከታች ዘቅጦ ቢገኝ መልካም፤ ከላይ ተንሳፎ ቀለበት ሠርቶ ቢገኝ ግን ከብት ከዚያ ኩሬ መራቅ አለበት። የዚህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም፤ ይህን በተለይ እናቶች ልብ እንዲሉት እንወዳለን።

ስለ ውሃው ኮምጣጣነት ደግሞ እናንሣ። በአዊ ደጋ ብዙው ዝናም ከአፈሩ የኖራን ጠባይ አጥቦ ስለ ወሰደ መሬቱ ኮምጣጣ ሆኗል፤ ገበሬውም በማሳው ላይ ኖራ እንዲበትን የሚመከረው ስለዚህ ነው። ኩሬው ከዚህ አፈር ላይ ስለ ተቀመጠ ውሃው ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። በትምህርት ቤት ይህን የምናሳየው በከርከዴ ነው፤ የተፈላውን ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ከፍለን በአንዱ ሎሚ ብንጨምቅ ደም መስሎ ይቀላል፤ በሁለተኛው የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ብናገባ ቀለሙ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። ልጆች ይህን አይተው አይጠግቡም። ለኩሬ ግን ከርከዴ ሻካራ ዳኛ ነው፤ ጥቂት ልዩነትን አይለይም። ቀለሙን ከናሙና ጋር የሚያስተያዩበት ትንሽ የመለኪያ ወረቀት ከቤተ ሙከራ ዕቃ ሻጮች ይገኛል። ከ6.5 እስከ 8.5 ያለው ለሰውም ለዓሣም ይስማማል። ከ6.5 በታች የሆነ እንደ ሆነ ዓሣ አርቢው ኩሬው ሲደርቅ በወለሉ ላይ ኖራ ይበትናል።

አሁን ወደ ነፍስ ወዳላቸው ነገሮች እንለፍ። በኩሬው ዳር ባለው ሣርና ድንጋይ ሥር ቀንድ አውጣ መፈለግ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በደጋ በበግና በከብት ጕበት ውስጥ የሚኖረውን ትል ያሳድጋሉ፤ በግ የኩሬውን ዳር ሣር ሲነጭ ተውሳኩን አብሮ ይውጣል። ሌሎቹ ደግሞ የቢልሃርዚያን ትል ይሸከማሉ። ይኸኛው ገና በእግር ሲገቡበት በቈዳ በኩል የሚገባ ነው፤ ልጆች በኩሬ ሲዋኙ ዝም ብለው የሚያዩ ወላጆች ይህን እንዲያስቡ ያስፈልጋል። አልቅትም በከብት አፍና ጕሮሮ ተጣብቆ ደም ሲመጥጥ ያልተመለከተ ገበሬ አይኖርም።

ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። እኚህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዚያን ነገር ሲመረምሩ፥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝቶ አገኙ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ ይገድል ነበር። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን አገር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በየዓጥሩ የሚበቅለውን እንዶድ ማንም ያውቀዋል፤ ማንም ግን እንዲህ አድርጎ አላየውም ነበር። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድልና ለመጠጥም መርዝ ስለ ሆነ፥ ሰው ወይም ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ በግምት እንዳይጨመር እናስጠነቅቃለን።

ትንኝን መመርመር ከዚህ ይቀላል። ነጭ ጭልፋ ወስዶ ከኩሬው ዳር፥ ከሣሩ አጠገብ አሥር ጊዜ እየቀዱ ማየት ነው። ዕጩ በውሃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ቢታይ የወባ ትንኝ ልጅ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ቢንጠለጠል ሌላው ዐይነት ነው። «ደጋ ነን፥ ወባ አይደርስብንም» የሚል ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። በትግራይ ትንንሽ ግድቦች በተሠሩ ጊዜ፥ ኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ለመሆን የበቁት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በግድብ አጠገብና ከግድብ ርቀው ያሉትን መንደሮች ሕፃናት አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። በግድቡ አጠገብ ያሉት ሕፃናት በወባ የታመሙት ከራቁት ሰባት እጥፍ ነበረ፤ መንደሮቹም ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ነበሩ። ዳንግላ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በዐይን የሚታይ ነው። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያደክመው ግን አይታይም። ሊቃውንቱም በሽታ አምጪዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ አንድ ምስክር ይጠራሉ። ይህ ምስክር የጀርመኑ የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 ያገኘው፥ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ፍጥረት ነው። አብዛኛው ዐይነቱ ራሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን እርሱ ከተገኘ ዐይነ ምድር ከውሃው ጋር ተቀላቅሏል። ለሰው መጠጥ በሚሆን ውሃ፥ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ እንኳ መገኘት የለበትም።

በቀላሉ የሚደረገውን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ አገር ያሉ ሰዎች አሳውቀዋል፤ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ባለበት ንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ተጨምሮ በሙቅ ስፍራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀመጥ፥ የተበከለው ይጠቍራል። እንግዲህ እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ብንናገር፥ ክፍት ኩሬን ይህን ፈተና መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። ከብት የሚረግጠው፥ ወፍ የሚያርፍበት፥ ጐርፍ የሚገባበት ኩሬ መጥቈሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። መፈተን ያለበት የቤቱ ጀሪካን ነው፤ ተጣርቶ፥ ታክሞ፥ ልጅ ሊጠጣው የተቀመጠው። ኩሬውን ለከብቱና ለአትክልቱ መርምረነው፥ እንስራውን ለሰው እንመርምረው።

ውሃ ወደ ቤተ ሙከራ የሚላክ እንደ ሆነ አቀዳዱ ራሱ ሥርዐት አለው። በቅድሚያ በዞኑ ያለውን የውሃ መሥሪያ ቤት ወይም የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከር ነው። ጠርሙሱ በቤተ ሙከራው ተቀቅሎ የተዘጋጀ ይሁን እንጂ የዘይት ወይም የአረቄ ጠርሙስ አይሁን። ከብት ከሚገባበት ራቅ ብሎ፥ ከፊቱ ሳይሆን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ይቀዳል፤ የጠርሙሱን አፍና የክዳኑን ውስጥ በጣት መንካት አይገባም፤ ከላይ ጥቂት አየር ይተውለታል። ቦታው፥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ዝናም ዘንሞ እንደ ነበረም ይጻፍበታል። በበረዶ ተይዞ በስድስት ሰዓት፥ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80፥ ከእንጅባራም ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ማለዳ ለተነሣ ሰው አያስቸግርም። በፀሓይ ላይ ገበያ ሲዞር የዋለ ጠርሙስ ግን ስለ ኩሬው ሳይሆን ስለ መንገዱ ይናገራል።

የትኛውም ቀላል ፈተና የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአረምና የተባይ መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ በኩሬ ዳር ከታጠበ፥ ውሃው ጠርቶ፥ ወረቀቱም መልካም ብሎ፥ መርዙ በውስጡ አለ። ስለዚህ መርጫውን ከኩሬ አርቆ ማጠብ ነው፤ ምርመራው ሊደርስበት አይችልምና።

ጕድጓዱ ደርቆ የኩሬውን ውሃ ለመጠጥ ከመጠቀም በቀር ምርጫ የሌለው ቤት ምን ያድርግ? ውሃውን በእንስራ አሳድሮ ማዝቀጥ፥ ከላይ ያለውን ቀስ አድርጎ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጣራት፥ ከዚያ ማፍላት ወይም ክሎሪን ማግባት ነው። ስለ ማፍላት አንድ ነገር እንጨምር። በእንጅባራ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ አገር፥ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቈይ ይመከራል። ክሎሪኑም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይቈይ። ደፍራሽ ውሃ ክሎሪኑን ጭቃው ይበላዋል፤ ማጣራቱ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ ምርመራን የሚያስቀር አጥር ነው። ኩሬው ታጥሮ፥ ከብቱ ከውጭ በገንዳ ቢጠጣ፥ ፍጉ፥ ጭቃውና አልቅቱ በአንድ ጊዜ ይቀንሳሉ። በፕላስቲክ የተሸፈነ ኩሬ ዳሩ አንሸራታች ስለ ሆነ የወደቀ ልጅ ሊወጣ አይችልም፤ አጥር የሌለው እንዲህ ያለ ኩሬ በቤት አጠገብ መኖር የለበትም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ሥራ ነው ብሎ የሚያፈገፍግ አንባቢ ቢኖር፥ ምስክሩ ከደጁ ይገኛል። በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገራችን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ባቋቋሙት ሥራ፥ የሚለኩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ዝናሙን በየዕለቱ፥ የቂልቲንና የብራንቴን ወንዞች ከፍታ በቀን ሁለት ጊዜ፥ የጕድጓዶቹን ውሃ በየሁለት ቀኑ እየለኩ በመዝገብ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ልኬታቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር ተነጻጽሮ የሚታመን ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች የለኩት ብዛትን ነው፤ ጠባይንም እንዲሁ መመዝገብ ይቻላል። ለአንድ ኩሬ አንድ ደብተር ይበቃል። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፥ ሰሌዳው የጠፋበት ቋጠሮ፥ የወረቀቱ ቀለም፥ የውሃው ሽታ፥ በጭልፋ የተገኘው ዕጭ ቍጥር፥ በዚያ ሳምንት የታመመ ከብት ወይም ልጅ እንዳለ ይጻፍበታል። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይህን ያለ ረዳት ሊጽፍ ይችላል። መጻፉም ከጥቅምት ይጀመር፤ ኩሬው ገና ሞልቶ ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበረ ያልተጻፈ እንደ ሆነ፥ በመጋቢት የሚታየውን የሚያስተያዩበት አይኖርምና።